ዘጠነኛው ዝላይ

ዶሲንዳ በወጥ ቤቷ መስኮት ወደ ውጭ ተንጠልጥላ አንሶላ ስታሰጣ ነው ምራቷ ሳቤላ፣ «ዘንድሮ እንዳትዘል ወንበር ላይ እናስቀምጣታለን፤ ጫማዋን ደግሞ እኔ እደብቃለሁ» ስትል የሰማቻት። የሕንፃችን ወጥ ቤቶች በሙሉ መስኮታቸው የሚከፈተው መሃል ላይ ወዳለው ጠባብ ክፍተት ነው። ብርሃን እንዲገባበት የተተወ ቦታ ነው ይባላል፤ እኔ ግን አርባ ዓመት ስኖርበት ብርሃን ሲገባ አላየሁም። የሚገባውም የሚወጣውም የሽንኩርት ሽታና የሰው ወሬ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ቆሞ የሁለተኛ ፎቅን ነገር ለመስማት ጆሮ ማቅናት አያስፈልግም፤ ከባዱ አለመስማት ነው። ዶሲንዳን ይበልጥ ያንገበገባት ደግሞ የምራቷ ድምፅ የመጣው ከታናሽ እህቷ ከባልቢና ወጥ ቤት መሆኑ ነው። ከባልቢና ጋር ድፍን አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። ባልቢና የሆነ ነገር ስትመልስ ሰምታለች፤ ነገር ግን ቧንቧው ተከፍቶ ስለነበር ቃሉን አልለየችውም። ደርቃ እንደቆመች አንድ የልብስ መቆንጠጫ ከእጇ አመለጣት። ከግድግዳው እየተላተመ ወርዶ ታች ሲያርፍ ቧንቧውም ወሬውም በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ።

ቀኑ ጁን ሃያ ሦስት፣ የቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ ነበር። በዚያ ቀን በስፔኗ የወደብ ከተማችን በላ ኮሩኛ ከጠዋት ጀምሮ ቁም ነገር የሚሠራ ሰው የለም። ሁሉም ወይ እንጨት ይሸከማል፣ ወይ ሳርዲን ይገዛል፣ ወይ ስለ አየሩ ያማርራል። ማታ በባሕሩ ዳርቻ ሁሉ ደመራ ይነድዳል፣ ሰዉም በላዩ ይዘላል። አዘላለሉ ግን ሕግ አለው፤ ዘጠኝ ጊዜ ነው። ዘጠኝ ያቃተው ሰባት፣ ሰባት ያቃተው ሦስት ይዘላል፤ ለሁለት እኩል በሚካፈል ቁጥር ላይ የቆመ ሰው ግን ዓመቱ አይቀናውም። እኛ ሰፈር ሐኪሙም፣ የባንክ ሠራተኛውም፣ በምንም አላምንም ባዩም በዚህ ነገር ይስቃሉ፤ ሲዘሉ ግን ከንፈራቸው ይቆጥራል።

አምና ዶሲንዳ በሰባ ሦስት ዓመቷ ስትዘል የቀሚሷን ጫፍ እሳት ያዘው። ባልቢና ከየት መጣች ሳይባል ወገቧን አቅፋ ጎተተቻት፤ የተቀጣጠለውን ጫፍ በእርጥብ ፎጣ ደብድባ አጠፋችና «ዘጠኝ! ሞልቷል!» ብላ ጮኸች። ዶሲንዳ «ስምንት ነው! ልቀቂኝ!» ብላ ብትፈራገጥም ሦስት ጎረቤት ተጨምሮ ያዛት፤ እስክትለቀቅ እሳቱም ወረደ። ከዚያ በኋላ ዓመቱ ተነሣባት። ኦገስት ላይ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ቤቱን በውሃ አጥለቀለቀው። ኦክቶበር ላይ ድመቷ ጥላት ሄዳ ዳቦ ቤት ገባች፤ እስከ ዛሬ ከመስታወቱ ወዲያ ተኝታ ታያታለች፣ ሰላም እንኳ አትላትም። ፌብሩዋሪ ላይ ዳሌዋ ቀዶ ጥገና ተደረገለትና በትር ይዛ መሄድ ጀመረች። የዚህ ሁሉ ተጠያቂ ባልቢና ሆነች። ባልቢና ሆስፒታል ድረስ ሾርባ ብትልክላት ክዳኑን እንኳ ሳትከፍት «ውሰድላት» አለችኝ። እኔ ኖርቤርቶ እባላለሁ፤ የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ድስት ማመላለሱ የወደቀው እኔ ላይ ነበር። ሾርባ መድፋት ነውር ስለሆነ ጠጣሁት፣ ድስቱንም አጥቤ መለስኩ። ባልቢና «በላችልኝ» ብላ ደስ ያላት ስለመሰለኝ አፌን ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም በየተራ ደረጃው ላይ አስቁመው «ስምንት ነበር ወይስ ዘጠኝ?» እያሉ ሲያፋጥጡኝ፣ መልሴ አንድ ነው፤ «ሳርዲን እየበላሁ ነበር።» የዘንድሮውን ዋዜማ አዋዋሏን ኋላ ራሷ ዶሲንዳ ነግራኛለች፤ የጨመረችውን አልቀነስኩም።

ሳቤላ ከታች ቤት ወጥታ የዶሲንዳን በር ስታንኳኳ አንድ ከረጢት የቼሪ ፍሬ ይዛ፣ ፊቷን አብርታ ነው። ክፉ ሴት አይደለችም። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ሰውን ከሚጎዳው ነገር ሁሉ ማራቅ ሥራዋ ስለሆነ እቤቷም ሥራ ላይ ያለች ይመስላታል። በአማቷ ቀዶ ጥገና ወቅት ሦስት ሌሊት ወንበር ላይ ያደረችው እሷ ናት። ዶሲንዳ ይህን አትክድም፤ ያን ዕለት ጠዋት ግን ልታስታውሰው አልፈለገችም።

«እማማ ዶሲንዳ፣ እንዴት አደሩ? ዳሌዎስ?»

«ዳሌዬ ዛሬ ጭፈራ አምሮታል። አንቺ ግን ምነው በማለዳ?»

«አሁን ገና መድረሴ ነው፤ በቀጥታ ወደ እርስዎ።»

ዶሲንዳ ቼሪውን ሳህን ላይ ገለበጠችና አንዱን አንሥታ ቀስ ብላ በላች። ሳቤላ እጄን ልታጠብ ብላ ወደ ውስጥ ገባች። የቁም ሣጥኑ በር ጮኸ፤ ያ በር ባሏ በሕይወት ሳለ ጀምሮ ዘይት የሚለምን በር ነው፣ ምስጢር አይጠብቅም። ስትመለስ ባዶ የነበረው የትከሻ ቦርሳዋ እንደ እርጉዝ ተነፍቶ፣ ከዚፑ ጥግ የሸራ ጫማ ማሰሪያ ብቅ ብሎ ነበር። ዶሲንዳ ማሰሪያውን አየችው፤ ሳቤላም ዶሲንዳ ስታየው አየች።

«ቦርሳሽ ከበደ ልጄ። ታች ድረስ ልያዝልሽ?»

«ኧረ ቀላል ነው፣ እማማ! ልብስ ነው» አለች ሳቤላ እስከ ጆሮዋ ቀልታ፤ ደረጃውንም ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።

ዶሲንዳ አልተከራከረችም። ብትከራከር ልጇ ይጠራል፣ ልጇ ሲመጣ ሐኪሙ ይጠራል፣ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ዝላይ መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብ ጉባኤ ይሆናል። የቆረጠችው ነገር ግልጽ ነበር። አንዲት ዝላይ ያስፈልጋታል። ስምንቱ ላይ አንድ ተጨምሮ ዘጠኝ ካልሞላ፣ የሚመጣው ዓመት ደግሞ ምን ሊያመጣባት እንደሚችል ማሰብ አልፈለገችም። ሌላው ዳሌ ገና አለ። በትሯን ይዛ፣ መቀነቷን አጥብቃ ወደ ገበያ ወረደች።

ገበያው ያን ቀን መርገጫ የለውም። ትናንት በአራት ዩሮ ሰው ያልፈለገው ሳርዲን በአንድ ሌሊት አሥራ ሁለት ገብቶ፣ ሰዉም «ይሄማ ዝርፊያ ነው» እያለ ለመዘረፍ ይሰለፋል። የዓሣ ሻጯ ኦብዱሊያ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ በረዶው ላይ የተደረደሩትን ሳርዲኖች እንደ ልጆቿ እያቆላመጠች ትሸጣለች።

«ነይ ንግሥቴ! ዓይናቸውን እዪ፤ ከባሕር መውጣታቸው ገና አልገባቸውም።»

«ዋጋሽን ሰምተው ይሆናል የደነገጡት» አለች ዶሲንዳ።

«ዋጋው የባሕሩ ነው፣ እኔ አፉ ነኝ። ስንት ልመዝንልሽ? ለስንት ሰው?»

ሁለት ኪሎ አስመዘነች። ቀጥሎ ያለችው የገጠር ሴት ዘንድ ሄዳ ደግሞ የቅዱስ ዮሐንስ ቅጠል ጠየቀች፤ እንስላል፣ የጥብስ ቅጠል፣ ልት፣ ሎሚ ሎሚ የሚሸት ቅጠልና ቢጫ አበባ ያለው የቅዱሱ ሣር አንድ ላይ ታስሮ የሚሸጥ ነው። ማታ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ውጭ ያድርና ጤዛ ይጠጣል፤ ጠዋት ፊት ይታጠቡበታል። ሁለቱ እህቶች ከልጅነታቸው ጀምሮ ከአንድ ሳፋ ነበር የሚታጠቡት። የገጠሯ ሴት አንድ እቅፍ አቀበለቻትና፣ «እህትሽ ገና ሳይነጋ መጥታ ሁለት ወስዳለች» አለቻት።

«ሁለት? ብቻዋን የምትኖር ሴት?»

«እኔ ቅጠል ነው የምሸጠው፣ ሰው አልጠይቅም።»

ዶሲንዳ ይህን ነገር ዳገቱን እስክትጨርስ ድረስ አመነዠከችው። አንዱን ለራሷ፣ ሌላውን ለሳቤላ ገዝታላት ይሆናል፤ እንግዲህ ሳፋውም ተወረሰ ማለት ነው ብላ ተብሰለሰለች። ግማሽ መንገድ ላይ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አገኘችኝና ሳርዲኑን አሸክማኝ፣ የሰማችውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረገፈችልኝ። የሳቤላን ቦርሳ ስትተርክ ከሳቅ ብዛት ሳርዲኑን ልጥለው ደረስኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«አንተ በማን ወገን ነህ?»

«በሳርዲኑ ወገን» አልኳት።

«አምና ስምንት ነበር ወይስ ዘጠኝ? ዛሬ እንኳ እውነቱን ተናገር።»

«እየበላሁ ነበር ዶሲንዳ።»

በትሯን አንሥታ ቀደመችኝ። የዚያን ዳገት ግማሽ ከኋላዋ ስሄድ ጀርባዋን እያየሁ አፈርኩ። ለምን እንዳፈርኩ ኋላ እናገራለሁ።

ምሳ ላይ ልጇ ኤላዲዮ መጣ። ወደብ ላይ ክሬን ነው የሚነዳው፤ ኮንቴይነር እንደ ክብሪት ቀፎ አንሥቶ የሚያስቀምጥ ሰው፣ እናቱ ፊት ግን ማንኪያውን የት እንደሚያሳርፍ ይጠፋዋል። ምስር ቀረበ። ጠረጴዛው የአራት ሰው ነው፤ ሁለቱ ወንበሮች ላይ አንሶላ ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ አንደኛው ዱሮ የባሏ የፕላሲዶ፣ አንደኛው እሑድ እሑድ የባልቢና ነበር። ኤላዲዮ የባልቢናን ወንበር አየ፣ እናቱን አየ፣ ሳህኑን አየ። «ማታ ነፋስ አለ ይላሉ» አለ። «ነፋስ ለእሳት ጥሩ ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ ዳቦው ሲቆረስ፣ የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል፣ ታች ባልቢና ቤት ሬዲዮ ሲዘፍን ብቻ ይሰማ ነበር። አትዝለዪ ሊላት እንደመጣ ታውቃለች፤ ልትረዳው ግን አልፈለገችም። ሁለተኛ ሳህን በላ። በሩ ላይ ሲደርስ ግንባሯን ስሞ፣ «ምስሩ ጥሩ ነው እማዬ» ብሎ ወረደ።

ብቻዋን ስትቀር መጥረጊያውን ወጥ ቤቱ መሃል ወለሉ ላይ አጋደመችው። በትሯን ከግድግዳው አስደገፈች፣ ጠረጴዛውን በአንድ እጇ ያዘችና ዘለለች። ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። እንደገና ዘለለች። ባልቢና ከታች ሆና የቴሌቪዥኑ ድምፅ ሲበዛባት ጣራዋን በመወልወያ እንጨት ትደበድባለች፤ ዓመቱን ሙሉ በሁለቱ መካከል የነበረው ንግግር እሱ ብቻ ነው። ዶሲንዳ ድብደባውን እየጠበቀች፣ ይምጣ እንግዲህ እያለች፣ አምስት ጊዜ ዘለለች። ምንም አልመጣም። እንዲያውም ሬዲዮው ተዘጋ። ይህ ከድብደባው ይልቅ አናደዳት።

ቀጥሎ የጫማው ጉዳይ ነበር። የሸራ ጫማዋ ተሰርቋል፤ የቤት ነጠላ ጫማ አድርጎ እሳት አይዘለልም። የቁም ሣጥኑን ወለል ስትበረብር የፕላሲዶ የባሕር ቦት ጫማ እጇ ገባ፤ አረንጓዴ ፕላስቲክ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ባሏ ዓሣ ሲያጠምድ ሃያ ዓመት የተጫማው። ጋዜጣ ጠቅጥቃ አስተካከለችው። መስታወት ፊት ቆማ ራሷን አየች፤ በአበባ ቀሚስ ላይ የዓሣ አጥማጅ ቦት። ያን ጊዜ ብቻዋን ሳቀች። «ፕላሲዶ፣ አትፍራ፣ አላስቀልጠውም» አለችው።

በዚያ ሰሞን ፀሐይ እኛ ዘንድ ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት አትጠልቅም። ሕንፃው ደጃፍ ላይ ፍም ተነጥፎ፣ ሳርዲኑ እየተንጫጫ፣ ጭሱ እስከ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ፣ ድንቹ ከነልጣጩ በትልቅ ድስት ተቀቅሎ፣ የበቆሎ ዳቦው ተቆርሶ፣ ወይን ጠጁ በፕላስቲክ ኩባያ ሲዞር ዶሲንዳ ከደረጃው ብቅ አለች። ቦቱ በየደረጃው ጓ ጓ ይላል። መንገዱ ላይ ያለው ሰው በሙሉ ዞሮ አያት።

«እማዬ! ምንድን ነው ያደረግሽው?» አለ ኤላዲዮ።

«ጫማዬ ጠፋ። ምናልባት ልብስ መስሎት የወሰደው ሰው ይኖራል።»

ሳቤላ ወደ ድንቹ ድስት አጎንብሳ ቀረች። መንገዱ በሳቅ ተንጫጫ፤ ዳቦ ጋጋሪው «ካፒቴን፣ መርከቡ መቼ ነው የሚነሣው?» አላት። ዶሲንዳም እንደታሰበላት በተዘጋጀላት ወንበር ላይ እንደ ሕፃን ተቀመጠች፣ ሳህን ጭኗ ላይ ተደረገላት፣ ኤላዲዮ በቀኟ ቆሞ ዘብ ያዘ። ታዛዥነቷ ሁሉንም አዘናጋ። ባልቢና የለችም፤ ሰው ቢጠይቅ ራሷን አሟት ይሆናል ተባለ። ዶሲንዳ አራት ሳርዲን በላች፣ ጣቶቿን ላሰች፣ አምስተኛውን «ይሄኛው አልበሰለም፣ ሂድና አገላብጥልኝ» ብላ ለኤላዲዮ ሰጠችው። ኤላዲዮ ወደ ፍሙ ሲዞር ወንበሩ ባዶ ሆነ። እኔ አየኋት። ሳህኔን እንደያዝኩ ከኋላዋ ሄድኩ፤ ልጠራባት አልነበረም፣ ልይዛትም አልነበረም፤ ብትወድቅ የሚያነሣት ሰው ይኑር ብዬ ነው።

ወደ ባሕሩ የሚወስደው ቁልቁለት ግማሽ ላይ ዱሮ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት የድንጋይ ገንዳ አለ፤ ዛሬ ውሃ የለውም። ባልቢና የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። እግሯ ሥር ሰፊ የብረት መጥበሻ፣ መጥበሻው ላይ የአምናው ደረቅ ቅጠል ይነድዳል። እሳቱ ከስንዝር አይበልጥም፤ ጭሱ እንስላል እንስላል ይሸታል።

«ዘገየሽ» አለች ባልቢና።

የዓመቱ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር። ዶሲንዳ በትሯን መሬት ላይ ተክላ ቆመች።

«ዘብ አቁመሽብኝ ነዋ!»

«ዘቡን ያቆመችው ሳቤላ ናት። እኔ ወንበር ብትሰጪያት ትነሣለች፣ ጫማ ብትደብቂባት በባዶ እግሯ ትሄዳለች ነው ያልኳት።» ከኪሷ አንድ የልብስ መቆንጠጫ አውጥታ ዘረጋችላት። «ይሄም ያንቺ ነው።»

ዶሲንዳ መቆንጠጫውን ተቀበለች። ወደ መጥበሻው አየች።

«ይሄን እሳት ብለሽ ነው? ይሄንማ ድመት ይዘለዋል።»

«ድመትሽ ዳቦ ቤት ናት። አንቺ ዝለዪው። ዛሬ ከሰዓት አምስት ጊዜ ስትዘዪ ጣራዬ ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ፤ አምስቱንም ደህና አርፈሻል። የባሕሩን ደመራ ግን አትችዪውም። ይሄን ትችያለሽ።»

ዶሲንዳ አንድ እርምጃ ተራመደችና ቆመች። ፊቷ ተለወጠ።

«ቆይ። አንቺ እንዳልሽው አምና ዘጠኝ ከሆነ፣ ይሄ አሥር ሊሆንብኝ ነው። አሥር አልዘልም።»

ባልቢና በሹካ ቅጠሉን ነካ ነካ አደረገችው፤ ነበልባሉ ከፍ አለና ዝቅ አለ።

«ስምንት ነበር» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ስምንት ነበር። ቆጥሬያለሁ። ቀሚስሽ ሲያያዝ ፈራሁ፣ ዶሲንዳ። ስምንት ካልኩሽ ተመልሰሽ እሳቱ ውስጥ ትገቢያለሽ፤ አንቺን አውቅሻለሁ። ዘጠኝ ብዬ ጮህኩ፣ ከዚያማ አንዴ ካፌ ወጣ፣ ልመልሰው ኩራቴ አልፈቀደም። ዓመቱን ሙሉ ከላይ ስትራመጂ እየሰማሁ ብቻዬን ራት በላሁ። ናፈቅሽኝ፤ በቃ፣ ይኸው ነው።»

 የዶሲንዳ ዓይን በጭሱ ይሁን በሌላ ነገር እንባ ሞላው። ዓመት ሙሉ ስትፈልገው የነበረውን ቃል አግኝታ የት እንደምታደርገው የጠፋት ትመስል ነበር።

«ሾርባሽን አልበላሁትም» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። አንቺ በሕይወትሽ ድስት እንደዚያ አጥበሽ አታውቂም።»

ሁለቱም ዘወር ብለው አዩኝ፤ እኔም ሳህኔን አየሁ። ዶሲንዳ በትሯን ለእኔ ሰጠች፣ ቀሚሷን ሰብስባ ያዘች፣ የባልቢናን እጅ ጨበጠች። ዘለለች ማለት ማጋነን ነው፤ ተሻገረች። ግን ሁለቱም ቦት በአንድ ጊዜ መሬት ለቆ እንደነበር እኔ ምስክር ነኝ። ባልቢና «ዘጠኝ!» ብላ ስትጮኽ ድምፁ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ዳገቱን ወጥቶ መንገዱን አዳረሰው። ኤላዲዮ የሳርዲኑን መቆንጠጫ እንደያዘ፣ ሳቤላ የተሰረቀውን የሸራ ጫማ ደረቷ ላይ አቅፋ እየሮጡ ደረሱ። ሁለቱ እህቶች ተቃቅፈው ሲስቁና ሲያለቅሱ ሲያዩ ቆመው ቀሩ።

«አንተስ ኖርቤርቶ?» አለችኝ ዶሲንዳ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ። «አምና ስንት ሳርዲን በላህ?»

«ስምንት» አልኳት።

እንዲህ ነበር። እኔም ቆጥሬ ነበር። ዳቦ ጋጋሪውም፣ አምና የያዟት ሦስቱ ጎረቤቶችም ቆጥረው ነበር። ሁላችንም ስለ ፈራንላት ዝም አልን፤ ዝምታችን ግን አንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት እህቶችን በአንድ ጣራና ወለል ለይቶ ዓመት አስቀመጣቸው። ዳገቱ ላይ ያፈርኩት ለዚህ ነው። ዶሲንዳ ሰማችኝ፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያም ከሳህኔ ላይ የቀረችውን ሳርዲን አንሥታ በላችብኝ። ቅጣቱ ይህ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ባልቢና አምና በእህቷ ቀሚስ ምክንያት አንዴም ሳትዘል መቅረቷ ትዝ ስላላት ሦስት ጊዜ ዘለለች፤ ሳቤላ ሦስት፣ ኤላዲዮም መጥበሻውን ከመርገጥ ለጥቂት ተርፎ ሦስት። ከዚያ ሁላችንም ወደ ዳርቻው ወረድን። ትልቁ ደመራ ሲለኮስ ዶሲንዳ ከእጄ በትሯን ተቀበለችኝና ማንም ሳይደርስባት ወደ ነበልባሉ ወረወረችው። ኤላዲዮ «እማዬ!» ብሎ እጁን ሲዘረጋ በትሩ ተያይዞ ነበር። ሳቤላ የመድኃኒት ቤት ነገር ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ የአማቷን ፊት ስታይ ተወችውና ሳቀች። ዳገቱን ስንመለስ ዶሲንዳ የባልቢናን ክንድ ይዛ፣ በየአሥር እርምጃው እየቆመች፣ የዓመቱን ወሬ ሁሉ ከኦገስት ጀምራ አወረደችላት፤ ደረጃውን ግን ደግፎ ያወጣት ኤላዲዮ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የወጥ ቤቴን መስኮት ስከፍት የመንደሪን ያህል የፀሐይ ብርሃን ክፍተቱ ውስጥ ገብቶ፣ የዶሲንዳ አንሶላ ላይ አርፏል። የሁለተኛው ፎቅ መስኮት ላይ ሰፊ ሳፋ ተቀምጧል፤ የባልቢና ሁለቱና የዶሲንዳ አንዱ፣ ሦስት እቅፍ ቅጠል ጢም ብሎበት፣ ጤዛ ጠጥቶ አድሯል። ከኔ ሥር የዶሲንዳ ድምፅ ወጣ።

«ባልቢና!»

«ምን ሆንሽ?»

«ክንድሽን ይዘሽልኝ ነይ! በትሬን አቃጥዬዋለሁ፣ ደረጃውን መውረድ አልቻልኩም።»

«ትናንት በእሳት ላይ የዘለልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እሱ ትናንት ነው። ነይ፣ ሳፋውንም ይዘሽ ነይ!»

የባልቢና በር ተከፈተ፤ ነጠላ ጫማዋ ደረጃው ላይ ጧ ጧ ማለት ጀመረ፣ ውሃው እየተንቦጫረቀ፣ እሷም እየተነጫነጨች። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ፎቅ አሥራ ሰባት ደረጃ አለ፤ ባልቢና ዓመቱን ሙሉ አንዱንም ሳትረግጥ ቆይታለች። በሬን ገርበብ አድርጌ ቆጠርኩላት። አሥራ ሰባቱንም ወጣች።